ያላነበብነው ሦስተኛው ክፍል

የዚያን ዕለት እሑድ ከሰዓት በኋላ በጽጌ ግቢ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። የግቢው ባለቤት ልብስ ሰፊዋ ጽጌ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ ውጭ አስወጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትገጣጥም ነበር። ወተት ሻጯ አዴ ሎኮ፣ ባዶ የወተት ዕቃዋን ከጎኗ አስደግፋ እግሯን ዘርግታ ነበር። የአዴ ሎኮ የእህት ልጅ ዘይነባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች አንባቢያችን፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። መጽሐፍ አከራዩ ጋሽ በቀለ፣ «መጽሐፌን ዘይት እንዳታስነኩብኝ» ለማለት ብቅ ብሎ ሳይሄድ የቀረ። ልጄ ትዕግሥት፣ ሦስት ዓመቷ፣ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ስድስተኛዋ እኔ አልማዝ ነኝ። ከስድስታችን ሁለቱ አፈር ገብተዋል፤ ሦስታችን እዚሁ አካባቢ አለን፤ አንዷ ግን የት እንዳለች አላውቅም። ይህን የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ትዕግሥት ያመጣችልኝ መጽሐፍ ነው። ትዕግሥት ዛሬ ቡሌ ሆራ አስተማሪ ናት። መነጽር ካሠራችልኝ ወዲህ በመጣች ቁጥር በፌስታል መጽሐፍ ይዛልኝ ትመጣለች። የፍቅሩንም፣ የወንጀሉንም፣ የሰላዩንም አነባለሁ። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ቀስ እያልኩ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። ቀን ብቻ ነው የማነበው፤ በሩን ቀርቅሬ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ። ልጄ ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ ገዳዩ ከወረቀቱ አይወጣም እኮ» ትላለች። ባለፈው ወር ሦስት ጨረስኩ። አንዱ ላይ ሐኪሙ ራሱ ነው በሽተኞቹን የሚገድለው፤ ከዚያ በኋላ የደም ግፊቴን ልታይ ጤና ጣቢያ መሄዴን ለሁለት ሳምንት ተውኩት። ሌላው ላይ አንዲት ልጅ በስልክ ብቻ ከምታውቀው ሰው ጋር ፍቅር ይይዛትና ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። እሱን ስጨርስ ለትዕግሥት ደውዬ ስልክሽ ላይ ማን ማን ነው ያለው ብዬ አስቆጠርኳት። የሰላዩ ጥሩ ነበር፤ ያለው በሩቅ አገር ስለሆነ ያን ያህል አልፈራሁም። የዛሬ ጸሐፊዎች ችኩሎች ናቸው፣ አሥር ገጽ ሳትሄዱ ሁለት ሰው ሞቶ ታገኛላችሁ። የድሮዎቹ ሰውየው ሻይ ሲያዝ፣ ስኳሩን ሲያማስል፣ ጫማውን ሲያስጠርግ ሁሉ ይጽፉልን ነበር፤ ፍርሃቱም እንደ ወጥ እሳት ላይ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው።

በዚያ ዘመን፣ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ መሆኑ ነው፣ ነገሌ ውስጥ መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ሰው አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ይከራያል። ጋሽ በቀለ ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ አልሄደም፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር ጆንያ አንጥፎ መጽሐፍ ማከራየት ጀመረ። አንዱ መጽሐፍ ለአንድ ቀን ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ወፍራም መጽሐፍ እጁ ከገባ በምላጭ ለሁለት ለሦስት ይከፍለዋል፣ በጆንያ መስፊያ ይሰፋዋል፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይሸፍነዋል፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን መጽሐፍ ሦስት ሰው በአንድ ቀን ያነበዋል። ስለዚህ እኛ የመጽሐፍ ስም አናውቅም። ጸሐፊውንም አናውቅም። «ያንን የባሕር ዳርቻውን ስጠን» ወይም «ባሏን የመረዘችውን» ብለን ነው የምንጠይቀው። አንዳንዴ መጨረሻውን ከመጀመሪያው በፊት እናነባለን፤ አንዳንዴ መሐሉን ሌላ ሰው ይዞት ወደራ ከተማ ይሄድና በዚያው ይቀራል።

ሴቶቹ እሑድ እሑድ ጽጌ ግቢ እንሰበሰባለን። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት የካሴት ዘፈን ይሰማል፤ ያኔ ሴቱ ሁሉ ከሞያሌ የመጣ ናይለን ሻሽ ነበር የሚያስረው፤ ዘይነባ ብርቱካናማ ነበራት፣ ገጽ ስትገልጥ በአንድ እጇ ወደ ኋላ የምትመልሰው። አንድ ገጽ በአማርኛ ታነባለች፤ ከዚያ ለአክስቷ በኦሮምኛ ትነግራታለች። ትርጉሙ ከመጽሐፉ ይረዝማል። አዴ ሎኮ ሳትጠይቅ አታልፍምና።

«እሷ ልጅ፣ ሰናይት የሚሏት፣ ጎሳዋ ምንድን ነው?»

«አልተጻፈም፣ አክስቴ።»

«እንዴት አይጻፍም? ጎሳዋን ሳያውቅ እንዴት ወደዳት? ወንድሟ ቢሆንስ?»

«ከተማ ነው እኮ፣ አዴ ሎኮ» ይላል ጋሽ በቀለ።

«የከተማ ሰው እናት የለውም? ላኪ፣ አይሆንም! ይሄ ጸሐፊ ሰነፍ ነው።»

ጽጌ በአፏ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅም፤ ሰናይት ከሰው ጋር ልትሄድ ነው ብዬ ልቤ ተንጠልጥሏል።

ያ መጽሐፍ «ሰማያዊው መኪና» የምንለው ነው። ሰናይት የምትባል ልጅ አባቷ ሲሞት ቤት ይተውላታል። በቤቱ ሰበብ ከአጎቷ ልጅ ጋር ትጣላለች። ለመክሰስ ወደ ትልቁ ከተማ ስትሄድ አስራት የሚባል ሹፌር በሰማያዊ መኪናው ይጭናታል። አስራት አንድ የብር ጥርስ አለው። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የናና ከረሜላ አለ፤ መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው ልጆች ያድላል። እኔ ገና ከረሜላውን ሲያወጣ ጠረጠርኩት። ለማያውቀው ልጅ ከረሜላ የሚሰጥ ሰው ደህና ሰው አይደለም አልኩ። ጋሽ በቀለ መጽሐፉን ያገኘው ሁለቱን ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚያልቀው ያን እሑድ ባነበብነው ቦታ ነው፤ መኪናው ጫካ ውስጥ ቆሞ ይገኛል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ማንም የለበትም፣ ሣሩ ላይ አንድ እግር የሴት ጫማ ወድቋል። በቃ። ዘይነባ ገጹን ብትገለብጠው የሲሚንቶ ወረቀት ሆነባት።

መጽሐፉ የትኛው ጫካ እንደሆነ አልጻፈም፤ እኛ ግን ሌላ ጫካ ስለማናውቅ ከወደራ ወደ ክብረ መንግሥት ሲሄዱ ያለው ነው ብለን ወሰንን። የነገሌ ሰው ሜዳና ግራር ነው የለመደው። እዚያ ዛፉ መንገዱ ላይ ተደፍቶ፣ ጉሙ በመስኮት ሲገባ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል።

«ገደላት» አልኩ እኔ።

«ሦስተኛው ክፍል ሳይነበብ እንዴት ታውቂያለሽ፣ አልሚ?» አለች ጽጌ።

«ጫማዋ አለ፣ እሷ የለችም። ሌላ ምን ይጻፍልሽ?»

«ያ ዋቃ» አለች አዴ ሎኮ አምላኳን ጠርታ፤ ዕቃዋን አንሥታ ሳትሰናበተን ሄደች። ለእሷ ይህ ሁሉ የሆነ ነገር ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር በመሐላ የተነገረ ያህል ነው የምታምነው። ለመሆኑ እኔስ ከእሷ በምን እሻል ነበር?

ከዚያ እሑድ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ አደም መጣ። ከሀገረ ማርያም፣ ከዛሬዋ ቡሌ ሆራ፣ ዕቃ ጭኖ ነገሌ የሚያራግፍ ሹፌር ነው፤ ዘይነባን ወተት ስታደርስ አይቷት ኖሯል። ቀጭን፣ ረዥም፣ የካኪ ሸሚዝ እጅጌ እስከ ክርኑ የሚጠቀልል ልጅ። መኪናው አይሱዙ ነው፤ ሰማያዊ። ይህን ሳይ አይሱዙ ሁሉ ሰማያዊ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ አገኘንና ሰላም አለን። ሲስቅ ከላይ በግራ በኩል ጥርሱ ብልጭ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለትዕግሥት ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። ከረሜላ ነው። ልጄን በክንዷ ይዤ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩት አላስታውስም። ከረሜላውን ከአፏ ውስጥ በጣቴ ነው ያወጣሁት፤ ስታለቅስ አፏን በውሃ አጠብኩት። ዛሬ ሳስበው የናና ነበረ ወይስ የብርቱካን እንኳ አላየሁም።

አደም በአገሩ ደንብ ሽማግሌ ላከ። አዴ ሎኮም በደንቡ መሠረት «ከዘመድ ልምከር» ብላ ቀን ሰጠቻቸው። ባሏ ሞቷል፣ ወንድሞቿ ተልተሌ በኩል ከከብት ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ልትመክር የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። «አልማዝ፣ አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ይሄ ልጅ እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔም አልኳት። መኪናውን፣ ጥርሱን፣ ከረሜላውን፣ ጫማውን አንድ በአንድ አልኳት። ክፋት አልነበረብኝም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ዘይነባን እንደ ልጄ ነበር የማያት። ያን ሣር ላይ የወደቀውን ጫማ ሳስብ የእሷ ኮንጎ ጫማ ነበር የሚመጣብኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አዴ ሎኮ «ልጅ የለኝም» አለቻቸው። በዚያው ቀን ዘይነባ ቤቴ ገባች፤ ሻሿ እጇ ላይ ነው፣ ፀጉሯ ተበትኗል።

«እትዬ አልማዝ፣ ምን ብለው ነው የነገሯት?»

«ያነበብሽውን ነው የነገርኳት። አንቺው አይደለሽም ያነበብሽልን?»

«ልብ ወለድ እኮ ነው! ሰውየው ቁጭ ብሎ ከልቡ የፈጠረው ነው!»

«ከየት አምጥቶ ይፈጥረዋል? ያላየውን?»

«እትዬ፣ አደም ከረሜላ የሚይዘው ሲጋራ ሊተው ብሎ ነው። ጥርሱን ፈረስ ነው የረገጠው፣ ልጅ ሆኖ።»

«እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አስራትስ ለሰናይት ስንት ነገር ነገራት?»

አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አልተቆጣችም፤ ይልቅ ለእኔ ያዘነች ትመስል ነበር። «ሦስተኛውን ክፍል ሳናነብ» አለችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጽጌ ግቢ አልመጣችም። ጋሽ በቀለ አዳዲስ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፣ የሚያነብልን የለም። እኔ ልሞክር ብዬ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ስቆይ ጽጌ የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች «ተይው፣ አልሚ፣ ሰዎቹ ሳይገናኙ ያረጃሉ» አለችኝ። በሁለተኛው ወር፣ አደም ሳይመለስ፣ ዘይነባ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሞያሌ ሄደች። ለአክስቷ አልነገረቻትም። ብርቱካናማውን ሻሽ አጥባ ገመድ ላይ ትታው ነበር፤ አዴ ሎኮ እስክትሞት አላወረደችውም፤ ፀሐይ በልቶት ነጭ ሆነ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዘይነባ ከሄደች ሦስት ወር ያህል እንደሆናት አንዲት ነጋዴ ከሞያሌ ለትዕግሥት ቀሚስና አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣችልኝ። አክስቷ ማንበብ ስለማትችል ዘይነባ ለእኔ ነው የላከችው። ያን ሁሉ አድርጌባትም፣ ለእኔ። እንዲህ ይላል። «እትዬ አልማዝ፣ ደህና ነኝ። ሞያሌ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት እሠራለሁ። ለአክስቴ ደህና ናት በሉልኝ። አደም ከመጣ ያለሁበትን ይንገሩት።» ወደ አዴ ሎኮ ሄጄ አነበብኩላት። ደስ ብሏት አለቀሰች፣ ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችውና መለሰችልኝ። የመጨረሻውን መስመር ግን አላነበብኩላትም። ጣቴን ከላዩ አድርጌ ዘለልኩት።

አደም መጣ። የትንሹ ዝናብ ወቅት ነው፣ ነገሌ ጭቃዋ ቀይ ሆኖ ጫማ የሚይዝበት። የትዕግሥት አባት ለመንገድ ሥራ ወጥቷል። የመኪናውን ድምፅ ስሰማ አወቅሁት። ትዕግሥትን ወደ ቤት አስገባሁና የቆርቆሮውን በር በጀርባዬ ደገፍኩት።

«እትዬ፣ አካም ዋሉ? አደም ነኝ» አለ ከውጭ።

እግሬን ከበሩ ጋር አጥብቄ ተከልኩ።

«እትዬ፣ እንዳሉ አውቃለሁ፣ እግርዎ በበሩ ሥር ይታየኛል።» ሳቅ ያለበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ዘይነባን ፈልጌ ነው። ምንም አላስቸግርም። ያለችበትን ብቻ ይንገሩኝ። አክስቷ አላናገረችኝም፤ ወደራም፣ ክብረ መንግሥትም ጠይቄያለሁ።»

ወረቀቱ ጡቴ ሥር፣ በመሐረብ ታስሮ ነበር። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፤ በመሐላችን ያለው አንዲት ቆርቆሮ ናት።

«አላውቅም» አልኩ።

«እትዬ...»

«አላውቅም አልኩህ! ሂድ!»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። ከዚያ ጫማው ጭቃውን እየለቀቀ ሲሄድ ሰማሁ፤ መኪናው ተነሣ። በሩን የከፈትኩት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ እፍኝ ከረሜላ ነበር። ለትዕግሥት ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ያኔ ልጅቷን ያዳንኳት መስሎኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ከዘይነባ ሌላ ወረቀት አልመጣም። እኔም አልጻፍኩላትም፤ ምን ብዬ? ነጋዴዋ በዓመቱ ስትመለስ ሻይ ቤቱ ተዘግቷል አለች። አንዱ ወሰን ተሻግራለች ይላል። አንዱ ተልተሌ ገበያ ላይ የምትመስላትን አየሁ ይላል። አደምም ነገሌ አልታየም። አዴ ሎኮ እስክትሞት ድረስ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ወተቷን ይዛ መናኸሪያ ትቆም ነበር፤ እኔን ስታይ «ሌላ ወረቀት የለም?» ትለኛለች። «የለም» እላታለሁ። ጋሽ በቀለ ጆንያው ላይ እያለ ነው የሞተው፤ መጽሐፎቹን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ትዕግሥት ቡሌ ሆራ መናኸሪያ አጠገብ ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት አራት መርጣልኝ መጥታ ነበር። ሦስቱን አልኳችሁ። አራተኛው ሽፋኑ የወለቀ፣ ጥጉን ምስጥ የበላው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ክፍል ሦስት» ይላል። ከሥሩ፣ «ሰናይት ዓይኗን ስትገልጥ አንድ እግሯ ባዶ ነበር» ይላል።

ሦስት ቀን ሳልነካው አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። በሩን ቀረቀርኩ፣ ከፈትኩ፣ መልሼ ቀረቀርኩ። በአራተኛው ቀን አነበብኩት። አስራት አልገደላትም። ማንም አልገደላትም። የአጎቷ ልጅ ነው ሰው ልኮ መንገድ ያስቆማቸው፤ አስራትን ደብድበው ገደል ጥለውታል፤ ተርፎ ከተማ ለከተማ ይፈልጋታል። የመጽሐፉን ግማሽ እሱ ነው የያዘው፣ በር እያንኳኳ ሲሄድ። በአንዱ ከተማ አንዲት ሴት አለች። ልጅቷን በጠዋት አይታታለች። አስራት ሲጠይቃት «አላውቅም» ብላ በሩን ትዘጋበታለች። ሴትዮዋ ስም የላትም። መልኳም አልተጻፈም። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ጸሐፊው ለምን እንደዋሸች እንኳ አልነገረንም፣ አልፏት ሄዷል። እኔ ግን ከእሷ ማለፍ አልቻልኩም። ጣቴ እዚያ መስመር ላይ ቀርቶ ቡናው ሁሉ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።

መጨረሻው ደህና ነው፤ ጸሐፊው አገናኝቷቸዋል። አደም ደግ ሰው ይሁን ክፉ እኔ ዛሬም አላውቅም። እንዳላውቅ፣ ዘይነባም እንዳታውቅ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። አሁንም ፈሪ ነኝ። ትዕግሥት አርብ አርብ ከቡሌ ሆራ ስትነሣ በየከተማው እደውላለሁ፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩን ከእጄ አላስቀምጥም። አንድ ቀን የሆነ ሰው ስለ ልጄ በር አንኳኩቶ ቢጠይቅ እከፍት ይሆን? እከፍታለሁ ብዬ ብምል ደስ ይለኝ ነበር።

ጽጌ «ጻፊው፣ ሰው ያነበዋል» ስላለችኝ ነው የጻፍኩት። ወረቀቷ አለ፤ ዳዊቴ ውስጥ ነው፤ የዘለልኩትም መስመር እንዳለ ነው። ሦስተኛው ክፍልም አለ፣ አስቀምጬላታለሁ። ዘይነባ ትባላለች፤ ነገሌ ያደገች፣ የአዴ ሎኮ የእህት ልጅ። ዛሬ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ሳይጠጋ አይቀርም። ቀኝ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ስታነብ ገጹን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ሻሿን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ሞያሌም፣ ተልተሌም፣ ከወሰን ማዶም ያላችሁ፣ የምታውቋት ካላችሁ የት እንዳለች ንገሩኝ። የት እንዳለች እንድትነግሩኝ ካልፈለገችም፣ አለች ብቻ በሉኝ።